ላሊበላ ደጅ ሲቆም

በሰሜን ሸዋ ማለዳ «ላሊበላ መጣ» ከተባለ ወሬው ስለ ወሎው ከተማ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዘፈኑ የሚለምኑ ሰዎች መጠሪያ ነው። አሚና፣ ሐሚናም ይባላሉ። ቃሉን በድሮ ጽሑፍ ስታገኙት አጠገቡ ያለውን እዩ፦ «ንጉሥ» ወይም «ቅዱስ» ከቀደመው የዛጉዌው ንጉሥ ነው፤ ደጅ፣ የዶሮ ጩኸት፣ ምፅዋት ካጀቡት ለማኙ ዘፋኝ ነው። በ«የኔ ቢጤ» መተካት ያሳስታል። የኔ ቢጤ ደጀ ሰላም ላይ ቁጭ ብሎ በቀን ይለምናል፤ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ አዝማሪ መሰንቆ ይይዛል። ላሊበላ ያለው ጉሮሮው ብቻ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የአባወራውን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ስለሚመጡ በጨለማ ስማችሁ ሲጠራ አትደንግጡ።

መጀመሪያ ውሻውን እሰሩ። በአንደኛው ስንኝ ዘሎ መውጣት ግጥሙን ያስቀራል፣ ሙገሳው ገና አልሞቀም። አብዝቶ ማስቆየት ደግሞ የባሰ ነው፤ ዝምታው ሲረዝም ሙገሳው ወደ ነቆራ ይዞራል፣ ስስታችሁንም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አንድ ጣሳ ገብስ ወይም ባቄላ ይበቃል፤ እንጀራም ብርም ያስኬዳል። ጣሳውን ግን ሙሉት፣ ጎደሎ ጣሳ ለነቆራ ይመቻል። ሰጥታችሁ በሩን ወዲያው አትዝጉ፣ ምርቃቱ አለ፤ «አሜን» እያላችሁ ተቀበሉ። ቤቱ ሐዘን ላይ ከሆነ ገና ሲጀምሩ ንገሯቸው። የሌለው ሰው ወጥቶ «እግዜር ይስጣችሁ» ይበል፤ መብራት አጥፍቶ መደበቅ አያዋጣም።

ፀሐይ ሳትወጣ ካልለመኑ ቁምጥና ዘራቸውን ይወርሳል የሚል የቆየ እምነት አለ፤ ስለዚህም ለመለመን የግድ ድሃ መሆን አያስፈልግም ነበር። ሥጋ ደዌ የሚመጣው በባክቴሪያ ነው፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል። ቢሆንም ደጅ ላይ ስለ በሽታው መጠየቅ ነውር ነው፣ «ቆማጣ» ማለትማ ስድብ።

ድምፃቸውን በስልክ መቅዳት የሚፈልግ ቀድሞ ያስፈቅድ። ሲነጋ ስለሚሄዱ ስልኩ ማታውኑ ቻርጅ ይደረግ።