የቆየ አኳሪየም በአንድ ሌሊት ዓሣ ሲጨርስ፦ ችግርና መፍትሄ

ጅማ ውስጥ አኳሪየም ተበላሽቶ ስጠራ የምሰማው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሁለት ሦስት ዓመት ምንም ሳይሆን ቆይቶ ትናንት ሌሊት አለቀ።» ክሎሪን ማስወጣቱን፣ የፊልተሩን ስፖንጅ በገንዳው ውሃ ማጠቡን፣ ምግብ አለማብዛቱን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ስለ አልካላይኒቲ ነው፤ ውሃው አሲድን የሚያከሽፍበት አቅም ማለት ነው። ከእሱ ጋር ስለሚሄደው ካልሲየምም እነግራችኋለሁ።

ምልክት

ውሃው ጥርት ብሎ ሳለ ዓሦቹ ክንፋቸውን አጥፈው ጥግ ይይዛሉ፣ ምግብ ይተዋሉ። ቀንድ አውጣ ካላችሁ ዛጎሉ ይነጣል፣ ጫፉም ይበሳል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ይሄ ነው፦ የቆዩት ዓሦች በሕይወት አሉ፣ አዲስ ገዝታችሁ ያስገባችሁት ግን በማግስቱ ይሞታል። ሰው ሻጩን ይወቅሳል። የቆዩት ውሃው ቀስ እያለ ሲበላሽ አብረው ለመዱት፤ አዲሱ ግን በአንድ ጊዜ ገባበት።

ምክንያት

ዓሣው የሚያስወጣውን መርዛማ ቆሻሻ፣ አሞኒያን፣ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ሲሠሩ አሲድ ያመነጫሉ። 1 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመቀየር፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ 7 ሚሊግራም ያህል አልካላይኒቲ ይበላል። በየቀኑ ይበላል። የኖራ ድንጋይ ያለበት አገር ውሃው ራሱ ብዙ ይዞ ስለሚመጣ አይታወቅም። የእኛ መሬት ግን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ ቀይ አሲዳማ አፈር ነው፤ ዝናቡም በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ እየወረደ ያለውን ያጥበዋል። ውሃው አልካላይኒቲንና ካልሲየምን ከየት ያምጣው?

አልካላይኒቲው ሲያልቅ ፒኤች ይወድቃል፤ ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ ውሃው አሲድ ሆነ ማለት ነው። ከ6.5 በታች ባክቴሪያዎቹ ይደክማሉ፤ ወደ 6 ሲጠጋ ሥራ አቆሙ ማለት ይቻላል። አሞኒያው ይጠራቀማል። ዓሦቹ ወዲያው የማይሞቱት አሲድ ባለበት ውሃ ውስጥ አሞኒያው ከሞላ ጎደል ሁሉም አሞኒየም ወደሚባለው፣ ብዙም ወደማይጎዳው መልኩ ስለሚለወጥ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 6 ላይ መርዛማው ከ1000 እጅ አንዱን እንኳን አይሞላም፤ 7 ላይ 6 ያህል ይሆናል፤ 8 ላይ 50 ያልፋል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወጣ መርዙ አሥር እጥፍ ይሆናል። ገዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሂርማታ አካባቢ ሱቅ ያላቸው አንድ ሀጂ ነበሩ። 200 ሊትር ገንዳ፣ ጎልድፊሽና ሞሊ፣ ሦስት ዓመት የቆየ። ዒድ ሲደርስ እንግዳ ይመጣል ብለው ሦስት አራተኛውን ውሃ ቀየሩ። አዲሱ ውሃም ክሎሪኑ እንዲወጣለት ሁለት ቀን የተቀመጠ ነበር። ሲነጋ አንድም ዓሣ አልተረፈም። «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? በደንብ ያጠብኩት እኮ አሁን ነው» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ደግነቱ የቀዱትን አሮጌ ውሃ ለአትክልት ብለው በጀሪካን አስቀምጠውት ነበር። ለካሁት። የኬኤች፣ ማለትም የአልካላይኒቲ፣ መለኪያው በመጀመሪያዋ ጠብታ ቢጫ ሆነ፤ አልቋል ማለት ነው። ፒኤቹ 5.5፣ የአሞኒያ መለኪያው ጥቁር አረንጓዴ፤ አሞኒያው በጣም በዝቷል ማለት ነው። አዲሱ ውሃ ደግሞ 7.5። እንግዲህ አስሉት፤ አሞኒያው ወደ ሩብ ወረደ፣ መርዛማነቱ ግን መቶ እጥፍ ገደማ ወጣ። በአንድ ቀን ሃያ አምስት እጥፍ መርዝ ማለት ነው። ሀጂ የገደሏቸው በንጽሕና ነው፤ ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም።

ይህንኑ ታሪክ ካፌ ውስጥ፣ ክሊኒክ ማረፊያ ውስጥ፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩትም። በዓል በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል።

መፍትሄ

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ብዙ ሰው ቤኪንግ ሶዳ የሚጨምረው መጀመሪያ ላይ ነው፤ እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምጨምረው።

መጀመሪያ ኬኤች፣ ፒኤችና አሞኒያ ለኩ። ኬኤች ከ2 በታች፣ ፒኤች ከ6.5 በታች ሆኖ አሞኒያ ካለ፣ ምግብ ለሁለት ቀን አቁሙ፤ ከዚያም በጥቂቱ። በየቀኑ 10 በመቶ ብቻ፣ ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ቀይሩ። ሳምንት፣ አሥር ቀን ይፈጃል። «ቶሎ ይስተካከልልን» የሚል ሰው አለ፤ ቶሎ የተስተካከለለት አላየሁም። ፒኤቹ ቀስ ብሎ ሲወጣ ባክቴሪያዎቹም ይነቃሉ።

አሞኒያው ወደ ዜሮ ከተጠጋ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ። ለ100 ሊትር 3 ግራም ኬኤችን በአንድ ዲግሪ ያወጣል፤ አንድ ደፋ ያላለ የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ያህል ይይዛል። በሩብ ማንኪያ ጀምሩ፤ በብርጭቆ በገንዳው ውሃ አሟሙታችሁ ጠዋት ጠዋት ፊልተሩ አጠገብ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ኬኤች 4 እስኪደርስ በየቀኑ ለኩ። ከ4 እስከ 6 ለጉፒ፣ ለሞሊ፣ ለጎልድፊሽ ይበቃል።

ቤኪንግ ፓውደር ቤኪንግ ሶዳ አይደለም! ውስጡ አሲድና ስታርች አለበት። ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳማ ዓሣውንም እጃችሁንም ያቃጥላል። ማሸጊያውን ሳታነቡ ምንም አትጨምሩ።

ሶዳ አልካላይኒቲ ይሰጣል እንጂ ካልሲየም አይሰጥም። ዛጎሉ የተበሳ ቀንድ አውጣ በሶዳ ብቻ አይድንም። ሁለቱንም የሚሰጠው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ጅማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘውም እምነበረድ ነው። ደረጃና የመቃብር ድንጋይ የሚቆርጡ ቤቶች ስብርባሪውን ይጥሉታል፤ ለምናችሁ ውሰዱ። ግን ግራናይትም እዚያው ስለሚቆረጥ አዲስ በተሰበረው ፊቱ ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ አንጠብጥቡበት፤ አረፋ ካወጣ እምነበረድ ነው፣ ዝም ካለ መልሱት። የተወለወለውንና ማጣበቂያ የነካውን ጣሉ። የቀረውን እንደ ሽምብራ አድቅቁ፣ እጠቡ፣ ሁለት እፍኝ ያህል በናይሎን ካልሲ አስራችሁ ፊልተሩ ውስጥ አስገቡ። ውሃው ወደ አሲድ ባዘነበለ ቁጥር ይሟሟል፤ ሲስተካከል ያዘግማል። ይህን የምታደርጉት ግን አሞኒያው ከወረደ በኋላ ነው። የእንቁላል ቅርፊትም ይሠራል፤ ቀቅላችሁ የውስጡን ሽፋን ላጡና አድቅቁት።

ኖራን በተመለከተ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የኔ ነው። ጅሬን ያለ አንድ ልጅ ደውሎ ሲጠይቀኝ «ኖራ ቢጤ ጨምርበት» አልኩት። እኔ ያሰብኩት ለአሲዳማ ማሳ የሚበተነውን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነበር። እሱ ግድግዳ የሚቀባውን አገኘ፣ ጨመረ። ፒኤቹ የመለኪያውን ካርድ አልፎ ወጣ፣ ዓሦቹም በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቁ። ከዚያ ወዲህ «ኖራ» የሚለውን ቃል ብቻውን ከአፌ አላወጣም። የግድግዳ ኖራ በፍጹም፣ በምንም መጠን አይግባ።

የጣራ ውሃ

መንደራ ያለች አንዲት እናት ቧንቧ ሲጠፋባት ክረምቱን ሙሉ ከሮቶው የዝናብ ውሃ ስትጨምር ቆይታ መስከረም ላይ ጠራችኝ። ዝናብ ማዕድን የለውም፤ በቀየረች ቁጥር የቀረውን አልካላይኒቲ ታቀጥነው ነበር። ከዝናብ ውሃ በቀር አማራጭ ከሌላችሁ፣ ከመጨመራችሁ በፊት የገንዳውን ያህል ኬኤች እስኪይዝ ሶዳ አሟሙበት። ያም ካልሲየሙን አይመልስም፤ እምነበረዱ ይኑር።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

ኬኤች ደህና ሆኖ ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ፣ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ከፍታችን 1,700 ሜትር ያልፋል፣ መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑም አብሮ ይቆማል።

ውሃው እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ለጌጥ የገባውን የቡና ጉቶ አውጡ።

መለኪያው በየቀኑ የተለያየ ከነገራችሁ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቷል። በጅማ አየር ክዳኑ የተከፈተ የወረቀት መለኪያ አያዛልቅም፤ ገበያ ላይም ጊዜው ያለፈበት ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ያናድደኛል። የጠብታውን ግዙ፤ 5 ሚሊሊትር ውሃ ላይ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ እስኪቀየር የቆጠራችሁት ጠብታ ዲግሪው ነው።

የባህር ኮራል የምታረቡ ከሆነ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም በሊትር፣ ኬኤች ከ8 እስከ 12። እዚያ እምነበረድ በካልሲ አይበቃም፤ የባህር ውሃ ፒኤች ከፍ ያለ ስለሆነ አይሟሟም።

የእምነበረዱን ካልሲ በሦስት ወር አንዴ አውጥታችሁ በገንዳው ውሃ እሹት፤ ቡናማ አተላ ከሸፈነው ድንጋዩ ቢኖርም እንደሌለ ነው። በዚያው ቀን ኬኤችን ለኩና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ገንዳው ጎን ላይ ጻፉ።