አሜሪካ እንደገባችሁ እድር ፈልጉ

የሥራ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ፣ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ እንደሚያሯሩጣችሁ አውቃለሁ። እድር መግባትን ግን ለኋላ አታቆዩት። አገር ቤት ጎረቤት ይዟችሁ ይገባል፤ እዚህ ራሳችሁ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በማኅበረሰብ ማዕከል ማፈላለግ አለባችሁ። አንዳንዱ እድር አዲስ አባልን ለወራት ስለሚያስጠብቅ ሰው ከታመመ በኋላ መመዝገብ ላይጠቅም ይችላል። ደንቡን ስታነቡ አስከሬን ወደ አገር ቤት የመላክ ወጪን ይሸፍን እንደሆነ እዩ።

የእድር ሥራ ግን ከቀብር በፊት ቢጀምር እወዳለሁ። እዚህ ሐኪም የሕመሙን ነገር ለታማሚው ፊት ለፊት ይናገራል። ታማሚው ይህን ካልፈለገ፣ ለማን እንዲነገርለት እንደሚሻ አስቀድሞ ማሳወቅ ይችላል። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። እባካችሁ፣ እናቱ እንደማትድን ትንሽ ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

ሐኪሙ ስለ ሆስፒስ ካነሳ ተስፋ ቆርጦ ታማሚውን ጣለው ብላችሁ አትደንግጡ። ከ6 ወር በላይ ላይቆይ ይችላል ተብሎ ለተገመተ ሰው የሚሰጥ፣ ሕመም የሚያስታግስ እንክብካቤ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቤት ድረስ ይመጣል። ነርሷ ግን ጎብኝታ ትሄዳለች። ሌሊቱን ተራ ገብቶ የሚያስታምም ወገን የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ሞት ሲደርስ ሐዘንተኛው ብቻውን የቀብር ድርጅት ጋር ሄዶ አይዋዋል። ከ1984 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ደንብ ድርጅቶቹ ዋጋቸውን በስልክ እንዲናገሩ፣ በአካል ለሚሄድም ዝርዝሩን በጽሑፍ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ሁለት የእድር ሰዎች ደውለው ያወዳድሩ።

መርዶ ከአገር ቤት ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ሽማግሌዎች ሳይነግሩት በፌስቡክ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ አይቶ የአባቱን ሞት የሚሰማ ሰው ብዙ ነው፤ ሥራ ላይ ሆኖ፣ አልፎም መኪና እየነዳ። ይህ ጭካኔ ነው። የሟቹ ዘመዶች መርዶውን መስማታቸውን ሳታረጋግጡ ምንም አትለጥፉ። የቅርብ ሰዎቹን ሰብስባችሁ፣ ሥራ በሌለው ቀን ማለዳ ቤቱ ሂዱ።

ከሰልስት በኋላ ቤቱ ጭር ይላል። የፌዴራል ሕግ አሠሪዎች ለሐዘን ፈቃድ እንዲሰጡ ስለማያስገድድ ብዙው ሰው እንባው ሳይደርቅ ወደ ሥራ ይመለሳል። ቡናና ምግብ ይዛችሁ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ወር ሂዱ። የሟቹን ስም አንስታችሁ አጫውቱት፤ የባንክና የኢንሹራንስ ደብዳቤዎች ተከምረው ከሆነም አብራችሁት ተቀምጣችሁ አንብቡ።