ፍርሃትን ለማለዘብ ስፖርት መቼ እና እንዴት እንደሚሠራ

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ውሻ የነከሰው ሰው ከሩቅ ጩኸት ሲሰማ ልቡ ድው ድው ይላል። ውሻው ታስሮ ሊሆን ይችላል፤ አእምሮው ግን ያንን ቀን ነው የሚያስታውሰው። እንዲህ ያለውን የፍርሃት ትዝታ ለማለዘብ ስፖርት በእርግጥ ይረዳል። ብዙ ሰው የሚስተው ሰዓቱን ነው።

መጀመሪያ ጭንቅላታችን ውስጥ የሚሆነውን እንይ። አሚግዳላ የምትባል ትንሽ የአንጎል ክፍል አደጋ ስታሸት ሰውነትን ታስነሳለች። አጠገቧ ያለው ሂፖካምፐስ ነገሩ የትና መቼ እንደሆነ ይመዘግባል። ከግንባራችን ጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ «ተረጋጋ፣ ዛሬ ያ ቀን አይደለም» እያለ አሚግዳላን ያበርዳል።

የድሮው ትዝታ በቀላሉ አይፋቅም። ውሻ አይተን ምንም ሳንሆን ስንቀር፣ አንጎላችን ከአሮጌው ጎን አዲስ ትዝታ ይጽፋል፦ «ውሻ ሁሉ አይናከስም»። ሁለቱ ይፎካከራሉ። አዲሱ እስኪጸና ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ስፖርት የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ሲንቀሳቀስ ቢዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይጨምራል፤ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ እንዲያያዙ ይረዳል። በ2011 በወጣ ጥናት 120 በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ለአንድ ዓመት በሳምንት 3 ቀን 40 ደቂቃ ተራመደ። የተራማጆቹ ሂፖካምፐስ በ2 በመቶ ገደማ አደገ፤ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ የከረሙት ግን ቀነሰባቸው።

ደረጃ 1፦ መሠረት ጣሉ

በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ። ፈጣን እርምጃ ይበቃል። እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልኩ እሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ፍርሃቱን ከፋፍሉ

ወረቀት ላይ ከ0 እስከ 10 ነጥብ እየሰጣችሁ ጻፉ። የውሻ ፎቶ ማየት 2፣ አጥር ውስጥ ያለ ውሻ 4፣ የታሰረ ውሻ አጠገብ መቆም 7 ሊሆን ይችላል። ከ3 ወይም ከ4 ጀምሩ። ከ9 መጀመር ጀግንነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን በሽሽት ያልቃል።

ደረጃ 3፦ ተጋፈጡት

ከመግባታችሁ በፊት «ምን ይደርስብኛል ብዬ ነው የምፈራው?» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ግቡና ቆዩ። ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ባይለቃችሁም ችግር የለውም። ዋናው ነገር የጠበቃችሁት ክፉ ነገር እንዳልመጣ አእምሯችሁ በደንብ እንዲያይ ነው።

ደረጃ 4፦ ወዲያው 10 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ

ስልክ አትክፈቱ፣ አትቀመጡ። ቶሎ ቶሎ ተራመዱ፣ ሶምሶማ ሩጡ፣ ደረጃ ውጡና ውረዱ። ትንፋሻችሁ ይፍጠን፣ ላብ ጠብ ይበል። በ2023 በአውስትራሊያ ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከከባድ አደጋ በኋላ በሚመጣ ጭንቀት የሚሠቃዩ 130 ሰዎች ፍርሃታቸውን የሚጋፈጡበት ሕክምና ተሰጣቸው። ገሚሶቹ ከሕክምናው ቀጥሎ 10 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ሠሩ። ከስድስት ወር በኋላ ሕመሙ ይበልጥ የቀለለላቸው እነሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ስፖርት የሚያግዘው ትዝታን ነው፤ ደግና ክፉውን አይመርጥም። እንዲያውም ሲሮጡ የከረሙ አይጦች የደነገጡበትን ቦታ ይበልጥ አጥብቀው ሲፈሩ ታይቷል። ስለዚህ ደንግጣችሁ ከሸሻችሁ፣ በዚያው ስሜት ሩጫ አትጀምሩ። አንድ ነጥብ ዝቅ ብላችሁ ቀለል ያለውን ሞክሩ፣ በሰላም ጨርሱት፣ ከዚያ ተንቀሳቀሱ።

ደረጃ 5፦ ቦታ ቀይሩ

አዲሱ ትዝታ የተማርንበት ቦታ ላይ መጣበቅ ይወዳል። አንድ ሰፈር ውስጥ ውሻ መፍራት ያቆመ ሰው ሌላ ሰፈር ሲሄድ ሊያገረሽበት ይችላል። በሌላ ቀን፣ በሌላ መንገድ፣ ከሌላ ውሻ ጋር ድገሙት። ማታም በደንብ ተኙ፤ እንቅልፍ ትዝታን ያጸናል።

የገዛ ልባቸው ሲመታ «ልሞት ነው» ብለው የሚደነግጡ ሰዎችም አሉ። ለእነሱ ስፖርቱ ራሱ መጋፈጫ ነው። ሐኪም ልባቸው ደህና መሆኑን ካረጋገጠላቸው፣ አንድ ፎቅ ደረጃ በፍጥነት መውጣት ይበቃል። ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ከዚያ ይበርዳል። በተደጋገመ ቁጥር አእምሮ የልብ ምትን ከሞት መለየት ይጀምራል።

የልብ ወይም ሌላ ሕመም ካለባችሁ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ፍርሃታችሁ ከጦርነት፣ ከጥቃት ወይም ከከባድ አደጋ የመጣ ከሆነ ደግሞ ደረጃ 2ን እና 3ን ለብቻችሁ አትሞክሩ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሂዱ። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ወዲያው 10 ደቂቃ ለመራመድ እንደምትፈልጉም ንገሩት፤ ሰዓቱን አብራችሁ ታመቻቹታላችሁ።