ምስጢሩ በትክክል የቱ ነው? የፓተንትና የንግድ ምስጢር ጠበቃ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ሐበሾች አሌክሳንድሪያን ታውቋታላችሁ። የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ያለው እዚያ ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ዲሲ ስትገቡ ደግሞ ከዋይት ሃውስ አጠገብ ከመላ አገሪቱ የፓተንት ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤት አለ። የፓተንትና የንግድ ምስጢር ጥብቅና ደጃችን ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሕግ የተማሩ ልጆቻችን ስለ ሥራው ሲጠይቁኝ ግን እኔ ጀማሪ ሳለሁ የነበረኝን የተሳሳተ ግምት ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

«ኢንጂነር አይደለሁም» ብሎ መተው

ብዙ ሰው ከበር የሚመልሰው ይሄ ነው። ሁለት ሥራዎች ይምታታሉ። አንዱ ፓተንት፣ ማለትም ሌላው ፈጠራውን እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት፣ እንዲሰጥ ለቢሮው ማመልከት ነው። ለዚያ የተለየ ፈተና አለ፤ ለመፈተንም የሳይንስ ወይም የምህንድስና ትምህርት ይጠየቃል። ሌላው በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስና መከላከል ነው። ለዚህ መደበኛው የጥብቅና ፈቃድ ይበቃል። ታሪክ ተምረው ስለ ማይክሮቺፕ በጁሪ ፊት የሚከራከሩ ጠበቆች አሉ። ዲግሪው ካላችሁ ሥራ ስትፈልጉ ይጠቅማል፣ አልዋሽም። ከዲግሪው ይልቅ የሚያስፈልገው ግን ኢንጂነሩን አስቀምጦ «ይሄ ለምንድን ነው?» ብሎ አምስት ጊዜ ለመጠየቅ አለማፈር ነው።

ርዕሱን አንብቦ መፍረድ

የጤፍን ፓተንት አስታውሱ። «ሆላንዶች ጤፋችንን ወሰዱ» ተብሎ ያልተናደደ ሐበሻ አልነበረም። ቁጣው አይገርምም። ግን ፓተንቱን ከፍተን ያነበብን ስንቶቻችን ነን? የፓተንት አጥር የሚታጠረው ሰነዱ መጨረሻ ላይ በቁጥር በተደረደሩት ዓረፍተ ነገሮች ነው፤ ክሌይም ይባላሉ። ክርክሩ የነበረው በጤፍ ዱቄትና በአዘገጃጀቱ ላይ እንጂ ማሳ ላይ በቆመው ጤፍ አልነበረም። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የሆላንዱን ፓተንት ሲሽር ያለውም የፈጠራ ደረጃ ይጎድለዋል፣ ማለትም ለሙያው ሰው ግልጽ ከሆነው ነገር አያልፍም ነው። ጤፉ የኢትዮጵያ ነው የሚለው ክርክር አይደለም የጣለው።

ጠበቃ እንደ ተርታ አንባቢ ርዕስ አይቶ ከተናደደ ሥራው ገና አልተጀመረም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርክማን በሚባለው ክርክር በ1996 ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ የክሌይም ቃል ምን ማለት እንደሆነ የሚወስነው ዳኛው ነው፣ ጁሪው አይደለም። ስለዚህ አንዳንዱ ትልቅ ክስ አንድም ምስክር ሳይቀርብ በአንዲት ቃል ትርጉም ላይ ያልቃል። እኔ ክሌይም አትሜ፣ በእስክሪብቶ ቃል በቃል እየከበብኩ ነው የማነበው። ኋላቀር በሉኝ።

«ሰረቁን» ብሎ የተሰረቀውን አለመጥቀስ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። በ2017 ዌይሞ ኡበርን ከሰሰ። ዌይሞ የጉግል እህት ኩባንያ ነው፤ ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና ይሠራል። እዚያ ቁልፍ ሰው የነበረው አንቶኒ ሌቫንዶውስኪ ከመልቀቁ በፊት 14,000 ያህል ፋይል አውርዷል። ከዚያ ያቋቋመውን ኩባንያ ኡበር ገዛው። ይህን የሰማ ሁሉ «በቃ፣ ዌይሞ በላው» አለ።

ዳኛው ዊልያም አልሰፕ ግን በፋይል ብዛት የሚደነግጡ ሰው አልነበሩም። ዌይሞ መጀመሪያ ከ100 በላይ ምስጢሮችን ዘርዝሮ ነበር፤ ችሎት የደረሱት 8 ናቸው። ፋይሉ መውረዱ አንድ ነገር ነው። ኡበር የትኛውን ምስጢር ወሰደ፣ የትኛውንስ ተጠቀመበት? ጥያቄው ያ ነበር። በፌብሩዋሪ 2018፣ ችሎቱ በተጀመረ በ5ኛው ቀን ተስማሙ። ኡበር 245 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተገመተ አክሲዮን ሰጠ።

ጀማሪ ጠበቃ ደንበኛው ሲናደድ አብሮ ይናደዳል። ክሱንም «የደንበኛችን ቴክኖሎጂ፣ አሠራርና ዕውቀት» እያለ እንደ ጆንያ ይሞላዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በክፍለ ግዛቱ ሕግ የከሰሰ ሰው ምስጢሩን በበቂ ዝርዝር ሳይለይ ስለዚያ ምስጢር ከተከሳሹ ማስረጃ መጠየቅ እንኳ አይችልም። ስለዚህ ደንበኛውን በመጀመሪያው ቀን ያዙት። በትክክል የቱ ነው? ማን ማን ያውቀዋል? በምን ተቆልፎ ነበር? የ2016ቱ የፌዴራል ሕግ ባለቤቱ ምስጢሩን ለመጠበቅ ተገቢውን ጥረት ማድረጉን ይጠይቃል። ሠራተኛው ሁሉ በሚከፍተው ፎልደር የተቀመጠን ነገር ምስጢር ነው ብሎ ማስረዳት መከራ ነው።

ሌላም አለ። ደንበኛው ያንኑ ነገር ከዓመታት በፊት በራሱ ፓተንት ላይ ጽፎት ይሆናል። ፓተንት የሚሰጠው ለሕዝብ በመግለጥ ነው፤ የታተመ ነገር ምስጢር አይሆንም። ይህን ከተቃራኒው ጠበቃ አፍ ከመስማት ቀድሞ ፈልጎ ማግኘት ይሻላል።

ቀን መሳት

አጭር ነው። በፓተንት የተከሰሰ ደንበኛ ፓተንቱ በራሱ በፓተንት ቢሮ ኢንተር ፓርቴስ ሪቪው በሚባለው መንገድ እንደገና ታይቶ እንዲሻር መጠየቅ ይችላል። ግን ክሱ በደረሰው በ1 ዓመት ውስጥ ነው። ያ ዓመት ሰነድ ስታገላብጡ ሳታውቁት ያልፋል።

የሌላውን ሰው ምስጢር እንደ ተራ ወረቀት መያዝ

በዚህ ሥራ የተቃራኒ ወገን ምስጢር እጃችሁ ይገባል። «ለጠበቆች ዓይን ብቻ» የሚል ማኅተም ያለበትን ሰነድ የገዛ ደንበኛችሁ እንኳ አያየውም። በአፕልና በሳምሰንግ ክርክር የሳምሰንግ ጠበቆች ለደንበኛቸው ከላኩት የባለሙያ ሪፖርት ላይ አንድ ጀማሪ ጠበቃ እንዳይነበብ መጥቆር የነበረበትን ክፍል ሳያጠቁር አለፈ። አፕል ከኖኪያ ጋር የተዋዋለው የፈቃድ ውል ዝርዝር ሳምሰንግ ውስጥ ተሰራጨ። በ2014 የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥፋቱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደክሟችሁ ፒዲኤፍ ስታጠቁሩ ይህን አስቡ። ከተቻለ ሌላ ሰው ያይላችሁ።

መሥሪያ ቤት ስትቀይሩ ፋይል ይዞ መውጣት

ሌቫንዶውስኪ በ2020 የንግድ ምስጢር በመስረቅ ጥፋተኛነቱን አምኖ 18 ወር ተፈረደበት፤ በ2021 መጀመሪያ በፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ተረፈ። ይህን ታሪክ በቃሉ የሚያወራ ጠበቃ ራሱ ሥራ ሲለቅ የጻፋቸውን ማመልከቻዎችና የደንበኛ ሰነዶች በፍላሽ ገልብጦ ይወጣል። «እኔ የጻፍኩት ነው» ይላል። ሰነዱ የደንበኛው ነው። የማውቀው አንድ ሰው በነጋታው ደንግጦ ፍላሹን ሊመልስ ሄደ። ጥበቃው አላስገባውም፤ የመግቢያ ካርዱ ተዘግቶ ነበር።