ማዘርቦርዱን ሳይጠይቁ ማዘርቦርድ አይግዙ

አራት ኪሎ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ካሉት ኮምፒውተሮች አንዱ፣ ባለፈው ክረምት ሥራ መሀል ድርግም እያለ አስቸገረኝ። ያየው ባለሙያ «እትዬ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ይግዙ» አለኝ። የተቃጠለ ነገር በየጠዋቱ እንዴት ይነሣል? አልተዋጠልኝም። ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ፣ ራሱን ማዘርቦርዱን ጠየቅኩት።

አጠያየቁ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩን እንዳበሩ ‹ዴል› የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ፤ በአንዳንዱ ‹ኤፍ 2› ነው። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ሲከፈት ‹ሃርድዌር ሞኒተር› ወይም ‹ፒሲ ሄልዝ› የሚለውን ገጽ ይፈልጉ። የፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ) ሙቀት፣ የማራገቢያው ፍጥነትና የፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚያድለው ሳጥን) ቮልቴጅ እዚያ ተደርድረዋል።

ከቮልቴጁ ይጀምሩ። የሚፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ነው፤ 12 ቮልት የተባለው ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ፣ 5 ቮልት የተባለው ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ መሆን የለበትም። የእኔ 11.2 ይል ነበር። የማዘርቦርድ መለኪያ አንዳንዴ ስለሚስት፣ ከጎረቤት መልቲሜትር ተውሼ ወደ ሃርድ ዲስኩ በሚሄደው መሰኪያ ቢጫውንና ጥቁሩን ሽቦ ለካሁ። ያው ነው። የታመመው ፓወር ሰፕላዩ ኖሯል! እሱን ቀየርኩ፤ ማዘርቦርዱ ዛሬም ይሠራል። ፓወር ሰፕላዩን ግን ራስዎ እንዳይፈቱት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይቀራል።

ባዮስ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ስለማያርፍ 45 ወይም 50 ዲግሪ ቢያሳይ አይደንግጡ። ሥራ ላይ እያለ 90 ከደረሰ ግን አቧራውን ያጽዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ነው። በብሎወር ሲነፉ ማራገቢያውን በጣትዎ ይያዙት፤ ነፋሱ ሲያሽከረክረው ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ማዘርቦርዱን ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በባዮሱ የኃይል ገጽ ‹ሪስቶር ኤሲ ፓወር ሎስ› ወይም ‹ኤሲ ባክ› የሚል መስመር አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ ማለት ነው። ‹ኦፍ› ያድርጉት። በእኛ ሰፈር መብራት ሲመለስ መጣሁ ብሎ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል፤ ‹ኦን› ላይ ያለ ኮምፒውተር በእያንዳንዱ ብልጭታ ሊነሣ ይሞክራል፣ ሃርድ ዲስኩም አብሮ ይንገላታል። እኔ መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ቡና እስኪፈላ እጠብቃለሁ።

‹ስሊፕ›ንም አልወደውም። ሥራውን ሜሞሪ ላይ ብቻ ይዞ ስለሚያንቀላፋ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የእኅቴ ልጅ ለምሳ ስትወጣ ኮምፒውተሩን አስተኝታ፣ ሴቭ ያላደረገችው የመመረቂያ ጽሑፏ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንዲሁ ቀረ። ‹ሃይበርኔት› ግን ሥራውን ዲስክ ላይ ጽፎ ይጠፋል። በዊንዶውስ ‹ኮንትሮል ፓነል› ውስጥ ‹ፓወር ኦፕሽንስ›ን ከፍተው፣ የማጥፊያው ቁልፍ ሥራ ከሚወሰንበት ገጽ ይመርጡታል።

ሰዓቱ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የመሰለች ‹ሲአር 2032› ባትሪ ደክማለች። ይቀይሯት፤ ከዚያም ባዮስ ገብተው ያን ‹ኦፍ› እንደገና ይዩት፤ ባትሪዋ ስትሞት እሱም ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሊመለስ ይችላል።