በጠባብ ቤት የሮክና የሜታል ባንዶችን ምሽት እንዴት እናዘጋጅ

ከተማችሁ ውስጥ ያሉ ሦስት አራት የሮክና የሜታል ባንዶችን ሰብስባችሁ አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ማታ ልታጫውቱ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይሄን ያዙ፣ ትንሽ ቤት ውስጥ ድምፅ አያጥርም፣ ይበዛል። ሰው ሁሉ ተጨማሪ ስፒከር ከየት እንከራይ እያለ ነው ሚጀምረው፣ እኔ ግን ከድራሙ ጀምሩ ነው ምለው። ድራም ምንም ማይክ ሳይደረግለት ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በላይ ማውጣት ይችላል፣ ሜታል ድራመርን ደግሞ ቀስ ብለህ ምታ ማለት በቃ አትጫወት እንደማለት ነው። ጊታሮቹ ከድራሙ ጋር መመጣጠን አለባቸው፣ ድምፃዊው ደሞ ከሁሉም በላይ መሰማት አለበት፣ የሱ ማይክ ግን ገደብ አለው፣ የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ ማፏጨት ይጀምራል። ስለዚህ የድምፃዊው ማይክ ሳያፏጭ እስከምን ድረስ መውጣት እንደሚችል አስቀድማችሁ እዩ፣ ከዛ ጊታርና ቤዙ ከሱ በታች ይቀመጡ። ሙሉ ምሽቱን ሚያድነው ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው ሚመጣው።

የባንድ ቁጥር ላይ አትስገብገቡ። ሦስት ባንድ በጣም አሪፍ ነው፣ አራት የመጨረሻው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት 30 30 ደቂቃ፣ ለመጨረሻው 45፣ በመሀል ዕቃ መቀያየሪያ 15 15 ደቂቃ ብትሰጡ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል፣ አራተኛ ባንድ ስትጨምሩ 3 ሰዓት ይሞላል፣ እሱም ማንም ካላረፈደ ነው። ቅደም ተከተሉን በዝና ብቻ አትደርድሩት። ሦስት በጣም ፈጣን ባንዶች ተከታትለው ከተጫወቱ የሰዉ ጆሮ ይደክማል፣ ሦስተኛው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ልዩነቱ አይሰማም፣ እና በመሀል ቀርፋፋና ከበድ ያለ ባንድ ብታስገቡ የመጨረሻው ሲወጣ ቤቱ እንደ አዲስ ይነሳል።

አሁን ወደ ዕቃ እንምጣ፣ ምክንያቱም ምሽቱ ሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋር ነው። አራት ባንድ አራት ድራም ይዞ ከመጣ ማስቀመጫም የለም፣ መቀያየሪያ ጊዜም የለም። አንድ ድራም፣ አንድ የቤዝ ካቢኔት (ስፒከሩ ያለበት ሳጥን)፣ ሁለት የጊታር ካቢኔት ለሁሉም ይቀመጥ፣ እያንዳንዱ ድራመር የራሱን ሲምባል (የብረት ሳህኖቹን)፣ ስኔር ድራምና ፔዳል ይዞ ይምጣ (ቶሎ ሚሰበሩት እነሱ ስለሆኑ ማንም ሰው የሱን ለሌላ ማስመታት አይወድም፣ ትክክልም ነው)፣ ጊታሪስቶቹ ደሞ የየራሳቸውን ፔዳሎችና የአምፕ ሄድ (የጊታሩን ድምፅ ሚያጎላውን ሳጥን)። የድራሙ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ የሆነ ነገር ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ሄድ ከካቢኔት ጋር ሲገናኝ ኦሙ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ልኩ) መግጠም አለበት፣ 8 ኦም ካቢኔት ከሆነ ሄዱም 8 ላይ፣ 16 ከሆነ 16 ላይ። ቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦዎች ሚሠራ አምፕ) ካቢኔት ሳይሰካበት እየተጫወቱበት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል፣ በሁለቱ መሀል ሚገባውም የስፒከር ኬብል እንጂ የጊታር ኬብል አይደለም፣ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ ግን ውስጣቸው ይለያያል። ደሞ 100 ዋት አምፕ ካላመጣሁ ሚል ጊታሪስት ካለ ከ50 ዋቱ ሚበልጠው በ3 ዴሲቤል ብቻ እንደሆነ ንገሩት፣ ለጠባብ ቤት 50ውም ይበዛል። ካቢኔቱን ከወንበር ወይ ከሳጥን ላይ ከፍ አርጋችሁ ወደ ጊታሪስቱ ጆሮ አዙሩት፣ ያኔ ራሱን በደንብ ስለሚሰማ ቮልዩሙን ያለማንም ልመና ይቀንሳል።

ሳውንድ ቼክ (ሰው ከመግባቱ በፊት ሚደረገው የድምፅ ሙከራ) ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጨረሻ ሚጫወተው ባንድ መጀመሪያ ይሞክራል፣ መጀመሪያ ሚጫወተው ደሞ መጨረሻ፣ ምክንያቱም እሱ ሲጨርስ ዕቃው እንዳለ መድረክ ላይ ይቆያል፣ በሩ ተከፍቶ ሰው ሲገባ ዝግጁ ነው። ከየባንዱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን የት እንደሚቆም፣ ስንት ማይክ እንደሚፈልጉ ሚያሳይ አንድ ገጽ ስዕል ቀደም ብላችሁ ተቀበሉና ለሳውንድማኑ ስጡት፣ በእጅ የተሳለም ይሆናል። ጠባብ ቤት ውስጥ ለድምፃዊዎቹና ለኪክ ድራሙ (በእግር ሚመታው ትልቁ ድራም) ማይክ፣ ለቤዙ ዲአይ (ቤዙን በቀጥታ ከሚክሰሩ ጋር ሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ካላችሁ አብዛኛው ሥራ አለቀ፣ ሲምባል ላይ ማይክ አያስፈልግም፣ እሱ ራሱ ግድግዳውን ያንቀጠቅጣል። ለድምፅ ሹር ኤስኤም 58 ማይክ፣ ለጊታር ኤስኤም 57 እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በየመድረኩ ያሉት ወድቀውም ተረግጠውም ስለሚሠሩ ነው፣ ሌላ ውድ ነገር አትፈልጉ።

ሜታል ላይ ብቻ ሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። ግራውል ሚያረጉ (በጉሮሯቸው እንደ አውሬ እያጉረመረሙ ሚዘፍኑ) ድምፃዊዎች የማይኩን ጭንቅላት በመዳፋቸው ይሸፍኑታል፣ ሲታይ ያምራል፣ ድምፁም ለነሱ የወፈረ ይመስላቸዋል። ግን ማይኩ ከኋላው ሚመጣውን ድምፅ ሚከለክለው በዛ ጎን ባሉት ክፍተቶች አማካኝነት ነው፣ እነሱ ሲሸፈኑ ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ወዲያው ማፏጨት ይጀምራል፣ ቃሉም ይታፈናል። በሳውንድ ቼክ ሰዓት ዘንጉን እንዲይዝ አርጉና ሁለቱንም አሰሙት፣ ልዩነቱን ራሱ ሲሰማ ይተወዋል። ሞኒተሩን (ድምፃዊው ራሱን ሚሰማበትን ስፒከር) ደሞ ልክ ከማይኩ ጀርባ ትይዩ አስቀምጡት፣ 58ን ሚመስል ማይክ በትንሹ ሚሰማው በዛ በኩል ነው።

መብራት ላይ ቀልድ የለም። አምፖቹንና ሚክሰሩን ከአንድ መስመር አብሉ፣ የመድረክ መብራቶቹን ከሌላ፣ ያኔ ያ ቡዝ ሚለው ድምፅ በብዙ ይቀንሳል። አምፕ ጮኸ ብሎ የፕለጉን ኧርዝ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ሚወስደውን መስመር) ሚቆርጥ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። የስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንሲ ውስጥ መድረክ ላይ እያለ ኧርዙ በትክክል ያልተሠራ ማይክ ነክቶ ነው በኤሌክትሪክ የሞተው። በአንድ እጅ ጊታር በሌላው ማይክ ስትይዙ ኤሌክትሪኩ በደረታችሁ በኩል ነው ሚያልፈው። ማከፋፈያዎቹን ሁሉ ከመጠጥ አርቁ፣ ኬብሎቹን ወለሉ ላይ በቴፕ ለጥፉ።

እሳት ደሞ በፍጹም። ርችት፣ ብልጭታ፣ ችቦ ጣራው ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ አይገባም፣ የትኛውም ባንድ ምንም ቢላችሁ። እ.ኤ.አ. የካቲት 2003 ሮድ አይላንድ ውስጥ ዘ ስቴሽን ሚባል ክለብ ግሬት ዋይት ሚባሉት ባንድ ሲጫወቱ ርችቱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ አቀጣጠለው፣ 100 ሰው ሞተ፣ ብዙው ሰው የገባበትን ዋናውን በር ብቻ ፈልጎ እዛው ታፍኖ ነው የቀረው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2015 ሩማንያ፣ ቡካሬስት ኮሌክቲቭ ክለብ ውስጥም ያው ነው፣ ርችትና ስፖንጅ፣ ከ60 በላይ ሰው፣ ሲጫወት ከነበረው ጉድባይ ቱ ግራቪቲ ባንድ አምስት አባላትም አራቱ ሞተዋል። የኛ ሙዚቃ ወዳጆች ናቸው፣ ልክ እንደናንተ ዓይነት ምሽት ላይ የነበሩ። ስለዚህ ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ ግድግዳው ላይ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ሁለተኛው በር የት እንዳለና ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንደሚከፈት በእጃችሁ ገፍታችሁ ሞክሩት፣ የጊታር ሻንጣና ካርቶን እዛ በር ላይ እንዳይከመር አንድ ሰው መድቡ፣ ቤቱ ከሚችለው በላይም ትኬት አትሽጡ። ይሄ ካልተሟላ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ስለ ጆሮም ላንሳ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለሙዚቃ ቤቶች ያስቀመጠው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው፣ ስልካችሁ ላይ ያለ መለኪያ ልክክ ያለውን ባይነግራችሁ እንኳን ግምት ይሰጣችኋል። በር ላይ የስፖንጅ ጆሮ መሰኪያ በነጻ አስቀምጡ፣ አጠቃቀሙንም አሳዩ፣ በጣት ጠቅልሎ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አርጎ ማስገባት፣ እስኪያብጥ ድረስ በጣት መያዝ። ዝም ብሎ ጫፉን የወተፈው ሰው ምንም አልተጠቀመም።

ሞሽ ፒት (ሰው ከመድረኩ ፊት እየተጋፋ ሚጨፍርበት ግርግር) መከልከል አይሠራም፣ መጠበቅ ግን ይቻላል። ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለውን ወንበርና ጠረጴዛ አንሱ፣ ጠርሙስ ወደዛ አይግባ፣ ሁለት ረጋ ያሉ ልምድ ያላቸው ልጆች ዳር ዳሩን ይቁሙ። የወደቀን ወዲያው ማንሳት፣ መግባት ያልፈለገን አለመጎተት፣ ሴቶችን በግርግሩ ሽፋን ሚነካ ካለ ያለ ክርክር ማስወጣት። የመጀመሪያው ባንድ ድምፃዊ ይሄን ከመድረክ በአንድ አረፍተ ነገር ቢናገር ከእናንተ አሥር ማስታወቂያ ይበልጣል።

ፖስተር ላይ የሜታል ባንዶች ሎጎ እሾህ ስለሚመስል ከሥሩ ስማቸውን በሚነበብ ፊደል ድገሙት፣ እያንዳንዱ ባንድ ስንት ሰዓት እንደሚወጣም ጻፉ፣ ሰው የመጀመሪያውን ባንድ ሚያመልጠው ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ስለማያውቅ ነው። የመክፈቻው ባንድ ባዶ ቤት ውስጥ ሲጫወት ማየት በጣም ነው ሚያናድደኝ፣ ሌሎቹ ባንዶችም ቀድመው መጥተው ፊት ለፊት ይቁሙለት፣ ይሄን ስትጋብዟቸው እንደ ግዴታ ንገሯቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ የቤቱና የሳውንድማኑ ወጪ ከተነሳ በኋላ የቀረው ለባንዶቹ እኩል ቢካፈል ጥሩ ነው፣ ሄድላይነሩ (መጨረሻ ሚጫወተው ዋናው ባንድ) ከዕቃው ብዙውን ካመጣ ትንሽ ቢጨመርለት ማንም አይከፋውም። ባንዶችን ይሄን ያህል ትኬት ሽጡ ብላችሁ አታስገድዱ። በር ላይ የገባውን ሰው የቆጠረው ልጅ ወረቀቱን ለሁሉም ባንድ ያሳይ፣ ክፍያው እዛው በዛው ማታ ዕቃ ሲጫን ይለቅ፣ ኬብሎቹ ላይ ከመጀመሪያው በየባንዱ የተለያየ ቀለም ቴፕ ከጠመጠማችሁ ደሞ የማን የማን እንደሆነ ስትከራከሩ አታመሹም።