በሺዎች በሚሳተፉበት የከተማ የብስክሌት ጉዞ ላይ እንዴት እንደሚነዱ

ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለብስክሌት የሚለቀቁበት ቀን በብዙ ከተሞች አለ። የኒውዮርኩ «ፋይቭ ቦሮ» ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲጀመር የተሳተፈበት 250 ያህል ሰው ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ሰው 64 ኪሎ ሜትር ይነዳበታል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ መንገድ ሲፈስ ጀማሪን የሚያስቸግረው ርቀቱ አይደለም። ርቀቱን ሁለት ወር የተለማመደ እግር ይጨርሰዋል። የሚያስፈራው ከፊት ወይም ከጎን ካለ ብስክሌት ጋር መነካካት ነው፤ ስለዚህ ዝግጅቱ እግርን ከማጠንከር አልፎ በሕዝብ መሀል ቀጥ ብሎ መንዳትን ማካተት አለበት።

1. ርቀት መምረጥና መመዝገብ

አዘጋጆች ብዙ ጊዜ አጭርና ረጅም መስመር ያቀርባሉ። ከመምረጥዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ። ጀማሪ በሰፊ ጎዳና በሰዓት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ 40 ኪሎ ሜትር በ15 ሲካፈል 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። በማረፊያና በመጨናነቅ የሚያልፈውን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበት። ድምሩ መንገዱ ለመኪና ተመልሶ ከሚከፈትበት ሰዓት ካለፈ አጭሩን መስመር ይያዙ። ከሰልፉ ኋላ የሚከተል መኪና በጊዜ ያልደረሱትን ከነብስክሌታቸው የሚጭንበት ጉዞ ብዙ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ደንቡን እስከ መጨረሻው ያንብቡ፦ ሄልሜት ግዴታ ነው ወይ? የልጆች ዕድሜ ከስንት ይጀምራል? በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብስክሌት ይፈቀዳል? ቅጹ አማካይ ፍጥነትዎን ሲጠይቅዎ እውነተኛውን ይጻፉ። የመነሻ ቡድኖች የሚደለደሉት በዚሁ ቁጥር ነው። አጋኖ የጻፈ ሰው ከፈጣኖቹ ጋር ይሰለፋል፤ ከዚያም በግራም በቀኝም እየተቀደመ ራሱንም ሌሎቹንም አደጋ ላይ ይጥላል።

2. ልምምድ

ዘጠኝ ሳምንት ሲቀር ይጀምሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ይንዱ፤ ሁለቱ ቀን አጭር (ከ30 እስከ 45 ደቂቃ)፣ አንዱ ረጅም ይሁን። ረጅሙን በ15 ኪሎ ሜትር ጀምረው በየሳምንቱ 10 በመቶ ይጨምሩ። እንዲህ የሄደ ሰው በ8ኛው ሳምንት 29 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርሳል፤ የ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ ለመጨረስ ይህ ይበቃል። 9ኛው ሳምንት የዕረፍት ነው፤ ሁለት አጫጭር ንዳት ብቻ በቂ ነው። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ያለፈውን ለማካካስ በአንዴ ርቀቱን ቢያበዛው ጉልበቱን ያመዋል፤ ከዚያ ይልቅ አጭሩን መስመር ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከርቀቱ ይልቅ ሰው የሚዘለው ግን አራት ትንንሽ ችሎታዎችን መለማመድ ነው። መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ብሎ የተሰመረ መስመር ተከትለው ይሥሯቸው፦

አንደኛ፣ መስመሩን ሳይለቁ በትከሻዎ ላይ ወደ ኋላ ዞረው ይመልከቱ። አገጭዎን ወደ ትከሻ ሲያዞሩ ክንድዎ አብሮ መሪውን ይጎትታል፤ ክርንዎን ለቀቅ ካደረጉት ግን መሪው ባለበት ይቆያል።

ሁለተኛ፣ በአንድ እጅ ይዘው ከኮዳዎ ይጠጡና ኮዳውን ሳያዩ ወደ ቦታው ይመልሱት።

ሦስተኛ፣ ከእግረኛ ባልፈጠነ ፍጥነት እግር ሳያወርዱ 20 ሜትር ይንዱ። የመነሻው መጨናነቅ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

አራተኛ፣ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ በቀስ እያጠበቁ ምልክት ያደረጉበት ቦታ ላይ ይቁሙ።

3. ብስክሌቱን ማዘጋጀት

ይህን ሥራ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ይጨርሱት። አዲስ የፍሬን ገመድ ጥቂት ከተነዳበት በኋላ ይላላል፤ ዋዜማ ላይ የተቀየረ ገመድ የሚላላው በጉዞው መሀል ነው።

ኮርቻ። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያሳርፉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ልክ መዘርጋት አለበት፤ ከዚያ በእግርዎ የፊት ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ ታጥፎ ይቀራል። ዝቅ ያለ ኮርቻ የጉልበትን ፊት ያሳምማል፤ ከፍ ያለው ዳሌን ያወዛውዛል። በኮርቻው ዘንግ ላይ የተቀረጸው የከፍታ ገደብ ምልክት ግን ከቱቦው ውጭ መታየት የለበትም።

ጎማ። የሚችለው ንፋስ መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። በጥቅሉ ሰፊ ጥርሳም ጎማ ከ30 እስከ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ መካከለኛው ከ50 እስከ 70፣ ቀጭኑ ከ80 እስከ 100 ይይዛል። ሰውነትዎ ቀለል ካለ ወይም መንገዱ እርጥብ ከሆነ ወደ ዝቅተኛው ያድሉ። ንፋስ ሲያንስ ካላማዳሪያው (የውስጠኛው ጎማ) በጉድጓድ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል።

ፍሬን። እጀታውን በሙሉ ኃይልዎ ሲጨብጡት መሪውን መንካት የለበትም። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት ቦዮች ካለቁ ይቀይሩት።

ሰንሰለት። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉ፣ ፔዳሉን እያሽከረከሩ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ከላይ የቀረውን በጨርቅ በደንብ ይጥረጉ። የሚሠራው ወደ ውስጥ የገባው ዘይት ነው፤ ላይ የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ጥቅም የለውም።

ጎማውን የሚያስረው ታጣፊ እጀታ። ሲዘጉት መዳፍዎ ላይ ምልክት እስኪተው መጠንከር አለበት። ያለ ትግል የሚዘጋ እጀታ ልል ነው።

4. ዋዜማና ማለዳ

የተሳታፊ ቁጥርዎን ከነጋ ለመለጠፍ አይጠብቁ። የብስክሌቱ ቁጥር በመሪው ፊት በኩል ይታሰራል፤ የሰውነቱ በአራት መርፌ ቁልፍ በአራቱም ማዕዘን ይያያዛል፤ በሁለት ብቻ የተያዘ ቁጥር ንፋስ እያርገበገበ ይቀደዋል። ሰዓት የሚመዘግብ ቺፕ ያለበትን ቁጥር አያጣጥፉት። በቁጥሩ ጀርባ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክ፣ ካለብዎም ሕመምና አለርጂ ይጻፉ።

ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ላይ ይቀመጥ፤ ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር ይገናኙ፤ ከአገጭ በታች አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ይግባ። ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ሄልሜት ግንባርን ያጋልጣል።

የሚይዙት፦ ከጎማዎ መጠን ጋር የሚገጥም መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውጫ፣ ትንሽ ፖምፓ፣ መፍቻ፣ ስልክ፣ ጥቂት ገንዘብና መታወቂያ። የካላማዳሪያው የንፋስ ቀዳዳ ቀጭኑ ዓይነት ነው ወይስ ወፍራሙ? ፖምፓው ከእሱ ጋር እንደሚገጥም ቤት ሳሉ ይሞክሩት።

አዲስ ጫማ፣ አዲስ ኮርቻ ወይም ሆድዎ የማያውቀውን ምግብ በዚያ ቀን አይጀምሩ። ከመነሻው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ብለው ይብሉ፤ ቦታው ላይም 45 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ማለዳ ቆሞ መጠበቅ ስለሚበርድ ስስ ጃኬት ይደርቡ።

5. በሕዝብ መሀል መንዳት

ከመነሻው አንሥቶ ያሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከሁሉም በላይ የሚጨናነቁ ናቸው። ቡድኖቹ ገና አልተበተኑም፤ ሁሉም ይቸኩላል። በቀላል ማርሽ ይነሡ፤ ከባድ ማርሽ ላይ የቆመ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ይንገዳገድና ጎረቤቱን ይነካል።

ከሁሉ የሚቀድመው ሕግ ይህ ነው፦ የፊት ጎማዎን ከፊትዎ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አያስገቡ። ያ ሰው ጉድጓድ ሸሽቶ ትንሽ ወደ ጎን ቢል የኋላ ጎማው የእርስዎን የፊት ጎማ ይመታል። እሱ ላይሰማው ይችላል፤ የእርስዎ መሪ ግን ይጠመዘዝና ይወድቃሉ፤ ከኋላ ያሉትም ይደረቡብዎታል። ከኋላው ይሁኑ ወይም ጨርሰው ይለፉት፤ በመካከል አይቆዩ።

በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 5 ሜትር ነው። ከፊትዎ ያለው በድንገት ቢያቆም፣ አይተው ፍሬን እስኪይዙ ብቻ 5 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ይህ የሦስት ብስክሌት ርዝመት ነው። በጥቅጥቅ ሰልፍ ይህን ያህል ክፍተት ሁልጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ ዓይንዎን ከፊት ካለው ጎማ አንሥተው በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግረው ሁለት ሦስት ሰው ቀድመው ይመልከቱ። የመጨናነቁ ምልክት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ፍሬን ሲይዙ ሁለቱንም በእኩል፣ ቀስ በቀስ ያጥብቁ። ሲያቆሙ ክብደትዎ ወደ ፊት ስለሚሄድ በይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ የኋላው ብቻ ሲያዝ ጎማው ይንሸራተታል። የፊቱን በድንገት መጨበጥም በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥላል። ዝናብ ከጣለ ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን መጀመሪያ ውኃውን መጥረግ ስላለበት ወዲያው አይሠራም፤ ቀድመው ይጀምሩ።

ለማለፍ ሲፈልጉ ወደ ኋላ ይመልከቱ፣ «በግራዎ እያለፍኩ ነው» ብለው በድምፅ ይናገሩ፣ ያለፉትን ሰው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ሳይተዉ ወደ ፊቱ አይግቡ። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር ዝግ ብሎ የሚሄድ ሰው ቀኙን ይይዛል፤ በግራ በሚነዳበት አገር ደግሞ ግራውን፤ ማለፊያውም በተቃራኒው ጎን ነው። ጉድጓድ ሲያዩ በእጅዎ ጠቁመው «ጉድጓድ!» ይበሉ፤ ከኋላዎ ያለው ሰው የእርስዎን ጀርባ እንጂ መሬቱን አያይም። ማዳመጫ ጆሮዎ ላይ ካደረጉ ይህ ሁሉ ጥሪ ከንቱ ነው።

የከተማ መንገድ የራሱ ወጥመድ አለው። የባቡር ሐዲድንና የድልድይ መገጣጠሚያን በተቻለ መጠን ቀጥ አድርገው በመስቀለኛ ይሻገሩ፤ በሰያፍ የገባ ጎማ በክፍተቱ ይያዛል። እርጥብ የቱቦ ክዳንና የመንገድ ቀለም ላይ አይታጠፉ፣ ፍሬንም አይያዙ። ዋሻ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ጥቁር መነጽር ያውልቁ። ኮዳዎ ከወደቀ ደግሞ ይተዉት። ለፕላስቲክ ኮዳ ብሎ በሰልፍ መሀል ማቆም ወይም መመለስ ከኋላ የሚመጡትን ሁሉ ይጥላል።

ለማቆም እጅ ያንሡ፣ «እያቆምኩ ነው» ይበሉ፣ ወደ ጠርዝ ቀስ ብለው ያምሩ፣ ከዚያ ብስክሌቱን ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ኩርባ ላይና ከቁልቁለት ግርጌ በጭራሽ አይቁሙ።

6. ጎማ ከፈነዳ

መሪውን ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ያልተጎዳውን ጎማ ፍሬን ብቻ በቀስታ እየያዙ ወደ ዳር ይውጡ። የኋላ ጎማ ከሆነ ማርሹን ወደ ትንሹ ጥርስ ያምጡት፤ ለማውጣት ይቀልላል። ጎማውን ካወጡ በኋላ የቀረውን ንፋስ ጨርሰው ይልቀቁ። የኮፐርቶኒውን (የውጭውን ጎማ) አንድ ጠርዝ በማውጫው አንሥተው በዙሪያው ይላቅቁና ካላማዳሪያውን ይሳቡ።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። አዲሱን ከማስገባትዎ በፊት ኮፐርቶኒውን በውስጡ በኩል በጣትዎ ቀስ ብለው ይዳስሱ። ቀዳዳውን ያወጣው እሾህ ወይም የመስታወት ስባሪ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ፣ አዲሱ ካላማዳሪያ ከመቶ ሜትር በኋላ ይተነፍሳል። ምንም ካላገኙ አሮጌውን በትንሹ ነፍተው ቀዳዳው የት እንዳለ ይዩ፤ በውስጠኛው በኩል ከሆነ የቸርኬው መሸፈኛ ሪባን ተንሸራትቷል ማለት ነው።

አዲሱን ካላማዳሪያ ቅርጽ እስኪይዝ ትንሽ ነፍተው ያስገቡ፤ ያልተነፋ ካላማዳሪያ ይጣመማል፣ ይቆነጠጣልም። የኮፐርቶኒውን ጠርዝ ከንፋስ ቀዳዳው ፊት ለፊት ካለው ጎን ጀምረው በእጅዎ ወደ ውስጥ ይጫኑ፤ የመጨረሻውን በቀዳዳው አጠገብ ይዝጉ። ሙሉ ንፋስ ከመሙላትዎ በፊት በሁለቱም ጎን ዞረው ካላማዳሪያው ሾልኮ እንዳልወጣ ያረጋግጡ።

7. ውኃና ምግብ

ጥማት ሳይጠብቁ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ይጎንጩ፤ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ለብዙ ሰው ይበቃል፤ ሙቀት ሲበረታ ይጨምራል። ጉዞው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ከሆነ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይብሉ፤ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። የመጀመሪያው የውኃ ጣቢያ መግቢያ ሁልጊዜ ይጨናነቃል፤ አልፈው ከጣቢያው መጨረሻ አጠገብ ይቁሙ። ልጣጭና ወረቀት ኪስዎ ይግቡ፤ ሙዝ ልጣጭ ላይ ጎማ ይንሸራተታል።

8. መጨረሻው መስመር

መስመሩን እንዳለፉ ፎቶ ለማንሣት አይቁሙ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው በሙሉ ፍጥነት ነው። አስተባባሪዎች እስከሚያሳዩዎት ቦታ ድረስ ይንዱ፣ ከዚያ ይውረዱ። ቤት ሲደርሱ፣ መንገዱ እርጥብ ከነበረ ሰንሰለቱን በዚያው ቀን አድርቀው ይቀቡት፤ ጎማዎቹንም ዙሪያውን አይተው የተሰካ ስባሪ ካለ በመርፌ ያውጡት።